ባለ ክፍሉ ወረቀት

ያን ዕለት ጠዋት እትዬን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ብርድ ነው። ዓይኗን ሳትገልጥ ብትዳብስ ብርድ ልብሷ የለም። ሶፋው ላይ በሌሊት ልብሷ ብቻ ኩርምት ብላ ቀርታለች። ሌባ ገብቷል ብላ ክው ስትል፣ ሌባው ወንድሟ ሆኖ አገኘችው። ብርድ ልብሱን በክንዱ ሸክፎ፣ ሁለት ምስማር በጥርሱ ነክሶ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወደ ወረቀቶቹ ክፍል እየገባ ነበር። ምን ሊሠራበት እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ምስማሩን ከአፉ ሳያወጣ፣ ዛሬ ወረቀቶቹን ልታይ የምትመጣው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ባለሙያ ትናንት በስልክ የፀሐይ ብርሃን ወረቀት ይጎዳል እንዳለችው፣ የክፍሉ መስኮት ደግሞ ወደ ፀሐይ መውጫ የዞረ እንደሆነ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ መሸፈን እንዳለበት አስረዳት። ቀጥሎ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። እሷን ከብርድ ሲያድን የኖረው ልብስ ወረቀትን ከፀሐይ ሊያድን ተቸነከረ ማለት ነው። ወይ ጉድ! በዚህ ቤት ሰው ሆኖ ከመፈጠር ወረቀት ሆኖ መፈጠር ሳይሻል አይቀርም፤ ወረቀት ቢያንስ የራሱ ክፍል አለው። እትዬ ክንዷን እያሻሸች ይህን አሰበችና ተነሥታ ሻይ ጣደች።

እትዬ የሚላት ወንድሟ ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው። ወንድሟን ደግሞ ሰፈሩ የሚጠራው ጀርመኑ እያለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የጎረቤት ውሻ እንኳ ሲያስቸግረው የሚቆጣው በጀርመንኛ ነው፤ ውሻውም የገባው ይመስል ጅራቱን ሸጉጦ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው ሲያሰናብተው ማዕረጉ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነበር፤ ከግቢው እስከ ቤቱ ሲመጣ ግን ተባባሪው የት ላይ እንደወደቀ እንጃ፣ ፕሮፌሰር ብቻ ሆኖ ገባ። እትዬ ይህን ስታነሣበት ይቆጣል። ቤቱ የእናታቸው ነው፤ ለሁለቱም እኩል የተወችላቸው። ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎንና አንድ ወጥ ቤት። አንደኛው መኝታ የእሱ ነው። ሁለተኛው የእትዬ ነበር፤ እዚያ አድጋ፣ ሥራ ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ በቁልፍ ቆልፋው ሄደች። ሥራዋ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ኃላፊነት ነበር። ጡረታ ወጥታ ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ የክፍሉ ቁልፍ ተቀይሮ፣ ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ ወረቀት ሆኖ ጠበቃት። ለጊዜው ነው እትዬ፣ አላት ወንድሟ። ለጊዜው! ያን ሰሞን የተዳረችው የጎረቤት ልጅ ዛሬ ልጇ ከራሱ የሚበልጥ ቦርሳ አዝሎ ትምህርት ቤት ይመላለሳል፤ የእትዬ ሻንጣ ግን ያኔ ካኖረችው ከሶፋው ኋላ ንቅንቅ አላለም።

ወረቀቱስ ምን ወረቀት ነው? ወንድሟ ሊጽፈው የተነሣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለ። በሕይወት ሳለ ማንም ስላላነበበው፣ ከሞተም ወዲህ አንባቢ ስላላገኘ አንድ ጀርመናዊ ባለቅኔ ነው የሚያወራው። ከዚህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የተጻፈው መግቢያው ብቻ ነው። መግቢያው ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ አዲሱ ሲጻፍ የአምናው አይጣልም፣ የካቻምናውም አይጣልም። ከመግቢያዎቹ ሌላ በትንንሽ ካርድ ላይ የተገለበጡ የጀርመን ስንኞች አሉ፤ ታርመው ለባለቤቶቻቸው ያልተመለሱ የፈተና ወረቀቶች አሉ፤ ባለቤቶቹ ዛሬ ራሳቸው ጡረታ ሊወጡ ደርሰዋል። አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ የስብሰባ ባጆች፣ ከጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ በትሕትና አይሆንም የሚሉ ደብዳቤዎች፣ የኮት ማጠቢያ ካርኒዎች፣ እንዲሁም ማንም ሳይሸልመው አስቀድሞ ያዘጋጀው የሽልማት ምስጋና ንግግር አለ። ንግግሩ አጭርና ረጅም ተብሎ በሁለት ዓይነት ተጽፏል፤ ሰው ይዘጋጃል እንግዲህ።

ይህ ሁሉ ድሮ ወለሉ ላይ ተዝረክርኮ አይጥ የሚፈነጭበት ነበር። ወንድሟ ለሐሞት ጠጠር ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ነው እትዬ ገብታ ያቀናችው። ጀርመንኛ አታውቅም፤ ማወቅም አላስፈለጋትም። አንሶላ ስትደረድር እንደኖረችው ደረደረችው። ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ፤ የታጠፈውን እጥፋቱን ወደ ውጭ፤ ጠርዙን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጋ። ነጩን ከላይ፣ የወየበውንና ሻይ የፈሰሰበትን ከታች፤ አንሶላ ክፍል የሚጎበኝ አለቃ የሚያየው የላዩን ነውና። የተቀደደውን ደግሞ ብቻውን ለይታ ጥግ አስያዘችው፣ የሚጠቀምበት ሲገኝ እንዲጠቀምበት። ወንድሟ ከሆስፒታል ሲመለስ አንድ ቀን ሙሉ ሥርዓቴን አፈረስሽው እያለ ጮኸ። ማግስቱን ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍሉ የሚገባው እንግዳ ሲመጣ ለማሳየት ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ሁሉ ሊያበቃ ነው። ዩኒቨርሲቲው የፕሮፌሰሩን የግል ወረቀቶች ለቤተ መዛግብቱ ሊወስድ ወስኗል። ወንድሟ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፣ እትዬም የላትም፤ እሱ ለክብሩ፣ እሷ ለክፍሏ። የእናታቸውን አልጋ ጓሮ ካለው መጋዘን አውጥታ ጣውላውን አጥባለች። የመጋረጃ ጨርቅ ገዝታለች፤ ነጋዴው የሜትሩን ዋጋ ሲነግራት የተሳሳተ መስሏት ደግማ ጠይቃዋለች፣ እሱም ደግሞ ነግሯታል፣ ገዝታለች። ወገቧ ሶፋውን ከጠላው ቆይቷል። ከወገቧ በላይ ግን የመረራት ሌላ ነው። ሳሎን የሚተኛ ሰው ሲታመም በአደባባይ ነው የሚታመመው፤ ሲያለቅስም እንደዚያው። የውኃ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ትራሷን ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ ወረቀቱ ይውጣ እንጂ፣ ከወጣ በኋላ ሐውልት ቢያቆሙለትም ጉዳይዋ አልነበረም።

እንግዶቹ ረፋድ ላይ ደረሱ፤ ሁለት ናቸው። አንደኛው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ድሮ የወንድሟ ተማሪ የነበረ፣ አሁን ከራሱ ሆዱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ሁለተኛዋ የቤተ መዛግብቱ ባለሙያ፣ ነገር የማታበዛ፣ በቦርሳዋ ነጭ ጓንትና ማስመሪያ የያዘች ቀጭን ሴት ናት። በር ላይ ባዶ ካርቶን የጫነ የዩኒቨርሲቲ ፒክአፕ ቆሟል፤ እትዬ ካርቶኖቹን ስታይ ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። ወንድሟ የናፍታሊን ሽታ ያልለቀቀው ሙሉ ልብሱን ለብሶ እንግዶቹን ሶፋው ላይ፣ ማለትም የእትዬ አልጋ ላይ፣ አስቀመጣቸው። ኃላፊው ትራሷን ከጀርባው አስገብቶ ተመቻቸ። ሻይና ዳቦ ቀረበ። ኃላፊው መንገዱ እንዴት እንደተቆፋፈረ፣ የዛሬ ተማሪ እንዴት እንደማያነብ፣ ስኳር እንዴት እሳት እንደሆነ አወራና አራተኛውን ማንኪያ ስኳር ጨመረ። ወንድሟን የሚጠራው ፕሮፌሰር እያለ ነው፤ በየዐረፍተ ነገሩ መሃል ሳያስገባው አያልፍም። ባለሙያዋ ሻይዋን በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ ወረቀቶቹን ልታይ ተነሣች።

በሩ ሲከፈት ሴትየዋ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች። ጓንቷን አጠለቀች። ማስመሪያዋን አውጥታ ከአንዱ ክምር ጠርዝ ጋር አገጣጠመችው፤ ከሁለተኛው ጋር አገጣጠመችው፤ ከሦስተኛውም። በሥራ ዘመኗ የምሁራን ወረቀት ከአልጋ ሥር፣ ከዶሮ ቤት፣ አንዴም ከመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንደለቀመች፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። እትዬ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ከኋላ ቆማ ነበር፤ ደስ አላት። በአንሶላ ክፍል ዘመኗም ቢሆን አለቆቿ እንዲህ አላመሰገኗትም። ባለሙያዋ ማን እንዳደራጀው ጠየቀች።

«ዘዴው የራሴ ነው» አለ ወንድሟ።

እትዬ ትሪው በእጇ ላይ ከበዳት። ባለሙያዋ ቀጥላ መርሁ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የወንድሟ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፣ የቀረው አፉ ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ቅርጽ ከይዘት ይቀድማል፤ ስለዚህ ወረቀቶቹ በሚሉት ሳይሆን በመጠናቸው ነው የተቀመጡት። ከላይ ነጩ፣ ከታች የወየበው፤ ይህም ከብርሃን ወደ ጥላ የሚወርደው የሰው ልጅ ዕድሜ ነው። እጥፋቶቹ ወደ ውጭ የዞሩት አንባቢ ውስጡን ሳያይ ምሥጢር መኖሩን እንዲያውቅ ነው። ጥግ የያዙት ቅዳጆችስ? እነሱማ ስብርባሪዎች ናቸው፤ ጀርመኖች ስብርባሪን ራሱን እንደ ሙሉ ሥራ እንደሚያከብሩ የታወቀ ነው። ኃላፊው ከአፉ እየነጠቀ ይጽፍ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ምሥጢር የሚለውን ቃል እንዲደግምለት ለምኖታል። ወንድሟ እየተናገረ በሄደ ቁጥር ራሱን እያመነ ሄደ፤ ወደ መጨረሻው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እትዬ ይህን እንባ ስታይ ስቃ ልትሞት ምንም አልቀራት።

ከዚያ የሙያው ሕግ መጣ። ባለሙያዋ ወደ እትዬ ዞር ብላ፣ ቤቱ የእሷም ስለሆነ እንድታውቀው ብላ በትሕትና አስረዳቻት። የአንድ ሰው ወረቀት ባለቤቱ በተወበት ቅደም ተከተል ነው የሚጠበቀው፤ አቀማመጡ ራሱ ስለ ሰውየው ይመሰክራል። የተዘበራረቀ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፣ በካርቶን ከትተው ዛሬውኑ ጭነውት ይሄዱና እዚያው ይለዩት ነበር። እንዲህ የተደራጀ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ክምር ካለበት ሳይነቃነቅ፣ እያንዳንዱ ወረቀት በተራው ይመዘገባል። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ክፍሉ ይታሸጋል። ይህን ስትናገር እሷም የተደሰተች አትመስልም ነበር፤ በየቀኑ አውቶቡስ ቀይራ እዚህ ሰፈር የምትመላለሰው እሷው ናት። ኃላፊው ግን ፊቱ በራ። ለምን ከነአካቴው ይነሣል? ክፍሉ እንዳለ የፕሮፌሰሩ መታሰቢያ ይሁን። በሩ ላይ ታፔላ ይለጠፍበታል፣ ተማሪ ይጎበኘዋል፣ ከውጭም እንግዳ ይመጣል። ሳሎኑ ደግሞ ለጎብኚ መቀበያ ይሆናል፤ ይቺ ሶፋ ወጥታ ወንበር ይደረደርበታል። ወንድሟ ራሱን በዝግታ ይነቀንቅ ነበር። የሚነቀንቀው በእሺታ ነው።

ባለሙያዋ እማማስ የት ያርፋሉ ብላ ጠየቀች። ኃላፊው እማማ ጎብኚ ይቀበላሉ አለ፤ ማረፊያ ያገኘላት መስሎት ነው።

«የደረደርኩት እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

ኃላፊው በደግነት ሳቀ። መቼ ይጠፋናል እማማ፣ የእርስዎ ጽዳት ባይኖር ይህን ሁሉ ምስጥ በልቶት ነበር፣ አላት። ባለሙያዋ አልሳቀችም። ጓንቷን እያወለቀች ወንድሟን አየችው፤ እትዬም አየችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር የለም፣ የዝናብ ፍሳሽ ከተወው ቡናማ ክብ በቀር።

«እትዬ አቧራውን ትጠርግልኝ ነበር» አለ። እግዜር ይስጣት ብሎም መረቃት።

ይህን ሰው ገና ዳዴ ሳይል ጀምሮ ነው የምታውቀው። ሲዋሽም አይታዋለች፣ ሰው አይደል፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሲዋሽባት ግን የመጀመሪያው ነበር። የሚገርመው ክብሩን መውሰዱ አልነበረም። ክብሩን ይውሰደው፣ ክብር አይተኙበት። ክፍሏን ግን በገዛ እጇ ሥራ ቆልፎባት፣ ጭራሽ ሶፋዋንም አስወስዶባት፣ መርቋት ማለፉ አንገበገባት። ትሪውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የሻይ ብርጭቆዎቹን እያጋጨች ስታጥብ አንዱ ተሰነጠቀ።

ኃላፊው ደስታውን ካለ ምሳ ማሳለፍ አልፈለገም። ፕሮፌሰሩን፣ ባለሙያዋንና ሹፌሩን ይዞ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ሬስቶራንት ሊሄድ ተነሣ፤ እማማ ቤት ይጠብቁ ተባለ። ቁልፉን ማን ይያዘው በሚለው ላይ ጥቂት ተነጋገሩ። ባለሙያዋ ራሷ ልትይዘው ነበር። ኃላፊው ግን እሳት ቢነሣ ቢባልስ፣ ከእማማ የተሻለ ጠባቂ ከወዴት ይመጣል ብሎ ቁልፉን እትዬ መዳፍ ላይ አኖረው። ማንም እንዳይገባ፣ እርስዎም ቢሆኑ አቧራ እንዳይጠርጉ፣ ብሎ አደራ አላት። ወንድሟ ከእነሱ ጋር ሲወጣ አንድ ጊዜም ዞር ብሎ አላያትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ አለች እትዬ በሩ ሲዘጋ፤ የሰማት የለም።

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ደግማ ብትናገር ማን ያምናታል? አምነውም ቢሆን አቧራ ጠራጊዋ ለክብር ቋመጠች ነው የሚሉት። ብታለቅስ ሽማግሌ አለቀሰች ይባላል። ቤቱን ትካፈል ብትል ቤት ለሁለት አይሰነጠቅም። ይህን ሁሉ እያወጣች እያወረደች ሳለ የባለሙያዋ ቃል ትዝ አላት። የተዘበራረቀ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እትዬ ቁልፉን አየችው። እሷ ያቀናችውን እሷ ብታፈርሰው የማንን ነካች? ተነሥታ ከፈተች።

መጀመሪያ መስኮቱ ላይ የተቸነከረውን ብርድ ልብስ ነቅላ አወረደችና መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ዞረች፤ እዚህ ላይ እጇ እምቢ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጠርዝ ከጠርዝ ስታገጣጥም የኖረ እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ ነገር ሲያይ ማዝመም አያውቅም። አንሶላ ክፍል እያለች እንዲህ ያደረገች ጀማሪ ብታገኝ ኖሮ በዚያው ቀን ታባርራት ነበር። የመጀመሪያውን ክምር ያፈረሰችው ዓይኗን ጨፍና ነው። ሁለተኛው ቀለላት። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ደስ ይላት ጀመር። የስብሰባ ባጆቹን ከካርኒዎቹ ጋር ዘነቀች። የጀርመን ስንኞቹን በፈተና ወረቀት መሃል በተነች። አይሆንም የሚሉትን ደብዳቤዎች ከሽልማት ንግግሩ ጋር አጋባቻቸው፤ እሱስ ተስማሚ ትዳር ነበር። መግቢያዎቹ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። በአማርኛ የተጻፉት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የሚጀምሩት ይህ መጽሐፍ ከብዙ ድካም በኋላ እነሆ ለአንባቢ በቃ በሚል ዐረፍተ ነገር ነው። በአንዳንዱ ላይ ያለው የቀለም ብዛት፣ ስርዙ፣ ድልዙ ያሳዝናል። ዕድሜ ልኩን የጫማውን ክር ሲያስር ኖሮ መንገድ ያልጀመረ ሰው ታያት፤ ሆዷ ባባ። የእናቷ ልጅ ነው። ወዲያው ግን አቧራውን ትጠርግልኝ ነበር ያላት ታወሳትና ሆዷ ጠና። መግቢያዎቹን እንደ ካርታ በወዘቻቸው።

ሲመለሱ ድምፃቸው ከውጭ ይሰማ ነበር። ኃላፊው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይስቃል፤ ወንድሟ የበላውና የተሞገሰው አንድ ላይ ከብደውት ቀስ ብሎ ይራመዳል። እትዬ ቁልፉን ለባለሙያዋ ሰጠቻት። በሩ ተከፈተ። ኃላፊው ስንጥሩን ከአፉ ማውጣት ረስቶ ቀረ። ወንድሟ ክፍሉን አየ፣ ከዚያ እህቱን አየ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። እሱ እህቴ አዘበራረቀችው ቢል፣ እሷ ማን እንደደረደረው ትናገራለች፤ መልሺው ቢሏት በነሱው ፊት እንደነበረ ትመልሰዋለች፣ እሱ ግን አንዱን ክምር እንኳ ማቆም አይችልም። ይህን ሁለቱም አውቀውታል።

«ነፋስ ነው» አለ ወንድሟ። መስኮቱን በጣቱ አሳየ።

ባለሙያዋ ወደ መስኮቱ ሄዳ እጇን ወደ ውጭ አወጣች፤ ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀትር ነበር። ተመልሳ አንድ የፈተና ወረቀት ብታነሣ ከእጥፋቱ መሃል የስብሰባ ባጅ ወደቀ። እትዬን አየቻት። እትዬ ዝም አለች፣ ዝም አይነቅዝም። ሴትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና፣ ጠንካራ ነፋስ ኖሯል ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈች። ኃላፊው ሊያብድ ደረሰ። ይጣራ፣ ይመርመር፣ ቢቻል ተማሪ አምጥተን ከፎቶ እያየን እንመልሰው አለ፤ ፎቶ ያነሣ ግን አልነበረም። ባለሙያዋ ሕጉ ግልጽ ነው አለች። ቅደም ተከተሉ አንዴ ከፈረሰ እዚህ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በካርቶን ይግባና ይጫን። አውቶቡስ መቀየሩ የቀረላት ሰው ቅልጥፍና ነበራት። ሹፌሩና ኃላፊው ካርቶን ሲያመላልሱ እትዬ አልረዳቻቸውም፤ በር ከፍታ ያዘችላቸው እንጂ። ወንድሟ እስከ ውጭው በር ድረስ እየተከተለ ካርቶኖቹን በእጁ ይነካካቸው ነበር። ፒክአፑ ሲሄድ ብቻውን መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።

እትዬ ጊዜ አላጠፋችም። ወለሉን አጠበች፣ ጣውላውን አስገብታ አልጋውን ገጠመች፣ መጋረጃውን ሰቀለች። ወንድሟ ሳሎን ተቀምጦ መዶሻ ስትመታ ይሰማል፤ ልርዳሽም አላላት፣ ምን አደረግሽም አላላት። ራት ድንችና ዳቦ ነበር። ሁለቱም አቀርቅረው በሉ። ጨው አቀብዪኝ ማለት ሲገባው ራሱ ተንጠራርቶ አነሣ። እትዬ ብታዝንለትም አልቀደመችውም፤ የመጀመሪያውን ቃል የምትናገረው እሷ እንዳልሆነች ቁርጥ አድርጋ ነበር። ሳህኖቹን አጥባ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ አልጋዋ ላይ ተዘረጋች። እግሯን እስከ መጨረሻው ስትዘረጋ ጉልበቷ ተንጣጣ። ደስ አላት፤ ይኼው ነው፣ ሌላ ቃል የለውም።

ገና በጊዜ ነበርና ብዙም ሳይቆይ ሳሎን ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ሲያወራ በግድግዳው ይሰማታል። ስልኩን ያነሣው በፕሮፌሰር ድምፅ ነበር፤ አዎ፣ እንዴታ፣ በደስታ፣ ይላል። ከዚያ ድምፁ እያነሰ ሄደ። ነገ? እኔ ራሴ? ካሜራም? አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና በቀጭን ድምፅ እሺ ብሎ ዘጋ። ቀጥሎ በሯ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች እትዬ። በቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው።

«እኔ ነኝ እትዬ። መግባት ይቻላል?»

አልጋዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ግባ አለችው። በሙሉ ልብሱ ነው፤ ክራቫቱ ግን ወደ ጎን ዞሯል። አልተቀመጠም፣ መቀመጫም አልነበረም። የደወለው ኃላፊው እንደሆነ ነገራት። ነገ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፕሬዚዳንቱም ይመጣል፣ ተማሪዎቹም ይመጣሉ። ዘዴውን የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ፕሮፌሰሩ ስለሆነ፣ እያብራራ በገዛ እጁ እንደነበረ ይደረድረዋል፣ ይህም ለታሪክ ይቀረጻል። ይህን ተናግሮ የኮቱን ቁልፍ ማዞር ጀመረ።

«ነገ አብረሽኝ ብትመጪ» አለ፣ «ከኋላዬ ሆነሽ የትኛው የት እንደሆነ ብቻ ብትጠቁሚኝ። አይታወቅብንም።»

«እመጣለሁ» አለችው።

ፊቱ በራ።

«ከኋላ ግን አይደለም። የደረደረችው እህቴ ናት ብለህ በነዚያ ሁሉ ፊት ትናገራለህ። ከዚያ ካሜራውም ይቅረጸኝ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አድርጌ እደረድርልሃለሁ።»

ጠዋት ስለ ብርሃንና ጥላ ለወንድሟ ይፈስለት የነበረው ቃል አሁን በሁለቱም ቋንቋ አልመጣለትም። እትዬ ጠበቀችው። የምትፈልገው ያቺን አንዲት ቃል ነበር፤ እዚህ እንኳ፣ ማንም በሌለበት፣ አንቺ ነሽ ቢላት ነገ በሌሊት ተነሥታ ትሄድለት ነበር። እሱ የተሰቀለውን መጋረጃ አየ፣ ወለሉን አየ፣ ጫማውን አየ።

«እትዬ፣ ፕሬዚዳንቱ እኮ ይመጣል» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው በሩን ዝጋልኝ» አለችው፣ «ልተኛ ነው።»

ወጥቶ ዘጋው። በበሩ ሥር በሚገባው የሳሎን ብርሃን ላይ የሁለት እግሮቹ ጥላ ቆሞ ቀረ፤ ወደፊትም አይል፣ ወደኋላም አይል። እትዬ ጥቂት አየችው። ከዚያ መብራቷን አጠፋችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።